ደብረ ብርሃን ላይ ብሠራ፦ ለብርድ የታሰበ ቤት

የሕልም ቤት ሲባል አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚያየው ፊቱን ነው። ሰፊ መስታወት፣ ጥቁር የብረት በር፣ ሁለት ዓምድና ከላዩ ሰገነት። እኔ የምመኘው ቤት የሚጀምረው ከሌላ ጥያቄ ነው፤ በታኅሣሥ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ መኝታ ክፍሉ ምን ያህል ይበርዳል? ቤቱን የማስበው ደብረ ብርሃን ላይ ስለሆነ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር፣ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍ ያለች ከተማ ናት። ቀን ፀሐይዋ ፊት ትጠብሳለች፤ ሌሊት ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ትጥላለች። የቀኑ ሙቀትና የሌሊቱ ብርድ እንዲህ የተራራቁበት አገር ቤት ለሚሠራ ሰው ዕድል ነው። ማሞቂያው በየቀኑ በነፃ ይመጣል፤ ሥራው እሱን ይዞ ማሳደር ነው።

ለዚህ ሦስት ነገር አንድ ላይ ያስፈልጋል። ፀሐይ የሚያስገባ መስኮት፣ ሙቀት የሚይዝ ግድግዳና ወለል፣ ሙቀቱ እንዳያመልጥ የሚከለክል ኮርኒስ። አንዱ ከጎደለ የሁለቱ ወጪ ከንቱ ነው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው ግን ፀሐይ የማይገባው ቤት ብዙ ሰው ያውቃል፤ በጠራራ ቀን እንኳ ጋቢ ተለብሶ የሚቀመጥበት። ድንጋይ ራሱ ሙቀት አይፈጥርም። የሰጡትን ያስቀምጣል፤ ብርድ ከሰጡት ብርድ ያስቀምጣል።

መሬቱና አፈሩ

20 በ25 ሜትር፣ ማለትም 500 ካሬ ሜትር ቦታ ይበቃኛል። ቦታው ወደ ደቡብ በትንሹ ቢያዘቀዝቅ እመርጣለሁ፤ ፀሐይ ያገኛል፣ ውሃም አይተኛበትም። ጎድጓዳ ቦታ ግን በነፃ ቢሰጠኝ አልወስድም። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት እንደ ውሃ ቁልቁል ወርዶ እዚያ ይጠራቀማል፤ ከኮረብታው ወገብ ይልቅ የጎድጓዳው ጎመን ነው በውርጭ የሚቃጠለው። ቦታ የሚያይ ሰው በኅዳር ማለዳ ሄዶ የጎረቤትን ጓሮ ቢመለከት ብዙ ነገር ይማራል።

አፈሩን ሁለት ጊዜ ማየት ያስፈልጋል፤ አንዴ በነሐሴ፣ አንዴ በየካቲት። ደጋው ላይ ሜዳ ሜዳው ብዙውን ጊዜ ጥቁር አፈር ነው፤ ግንበኞች ብላክ ኮተን ይሉታል። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱን በየዓመቱ አንሥቶ ያወርደዋል። ምልክቱ ግድግዳ ላይ ይታወቃል፤ ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ኮርኒስ የሚወጣ፣ በክረምት የሚጠብ፣ በበጋ የሚሰፋ ስንጥቅ ነው። በየካቲት አንድ ቀጭን ፌሮ ይዞ በመሬቱ ስንጥቅ ውስጥ ቀስ ብሎ መስደድ፣ የገባውን ርዝመት መለካት። አፈሩ ቢያንስ እስከዚያ ጥልቀት ድረስ እንደሚንቀሳቀስ በዚህ ይታወቃል። መሠረት ከዚያ በላይ ከቆመ ስንጥቁ የጊዜ ጉዳይ ነው።

መፍትሔው ጥቁሩን አፈር አውጥቶ መጣል ነው። ቤቱ በሚያርፍበት አራት ማዕዘንና መካከሉ ላይ ጉድጓድ አስቆፍሮ ጥቁሩ የት እንደሚያልቅ ማየት። አንድ ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ሜትር ላይ ካለቀ ሁሉንም ማንሣት ይሻላል። በምትኩ ሰሌክት፣ ማለትም የማያብጥ የተመረጠ አፈር፣ በ20 ሳንቲም ንብርብር እያረጠቡ፣ በኮምፓክተር እየጠቀጠቁ መሙላት። አንዳንድ ሥራ ተቋራጭ 60 ሳንቲሙን በአንድ ጊዜ ደፍቶ ላዩን ብቻ ይጠቀጥቃል። ኮምፓክተሩ ከላይ ያለውን ብቻ ስለሚያጠብቀው የታችኛው ልል ሆኖ ይቀርና በሁለተኛው ክረምት ወለሉ ይሰምጣል። ሙሌት በሚሞላበት ቀን ባለቤቱ ወይም የሚያምነው ሰው ሜትር ይዞ እዚያ መገኘት አለበት። ቀለም የሚመረጥበት ቀን ይቅር፤ ይህኛው አይቅር።

ከዚያ በኋላ የቤቱን ዙሪያ ከውሃ መጠበቅ ነው። አንድ ሜትር ስፋት ያለው የሲሚንቶ መራመጃ፣ ወደ ውጭ 5 ሳንቲም የሚያዘቀዝቅ። ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት መስመር በሬንጅ ይደፈን፤ ካልተደፈነ መራመጃው ራሱ ውሃውን ወደ መሠረት የሚያስገባ በር ይሆናል። ባሕር ዛፍ ከቤቱ ቢያንስ 20 ሜትር ይራቅ። ሥሩ የአፈሩን ውሃ ስለሚመጥ በአንድ በኩል ብቻ መሬቱን ያደርቀውና ቤቱ ወደዚያ ያዘነብላል።

ፊቱን ወዴት?

ደብረ ብርሃን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 10 ዲግሪ ሊሞላ ትንሽ በቀረው መስመር ላይ ናት። ስለዚህ ከነሐሴ 20 ገደማ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ፀሐይ በቀትር የምታልፈው በደቡብ በኩል ነው፤ የብርዱ ወራት በሙሉ እዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። በሰሜን በኩል የምታልፍባቸው ወራት ግማሹ ደመና ነው። ከዚህ በላይ ግልጽ መመሪያ አያስፈልግም፤ የቤቱ ረጅም ጎን ወደ ደቡብ ይሁን። እኔ 14 ሜትር በ8 ሜትር አደርገዋለሁ። ማለዳ ቶሎ እንዲሞቅ ደግሞ ፊቱን ከደቡብ ወደ ምሥራቅ 15 ዲግሪ ያህል አዞረዋለሁ። የስልክ ኮምፓስ ይበቃል፤ ከቆርቆሮ አጥርና ከመኪና ራቅ ብሎ መለካት ብቻ ነው።

ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሳሎን ወደ መንገድ፣ ወደ ዋናው በር መዞር አለበት የሚል ልማድ አለ። መንገዱ በሰሜን ከሆነ ሳሎኑ ዕድሜውን በሙሉ ጥላ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሽንት ቤቱና ዕቃ ቤቱ ደግሞ ፀሐይ ይሞቃሉ። የግቢው በር በሰሜን ይሁን፣ ሳሎኑ ግን ጀርባውን ለመንገድ ሰጥቶ ወደ ጓሮው ይዙር። እንግዳ በጎን በኩል ባለ መንገድ ዞሮ በደቡብ ቢገባ ምንም አይጎድልበትም። በእኔ ንድፍ ሳሎን፣ ዋናው መኝታና የወላጆች ክፍል በደቡብ ይሰለፋሉ። ኮሪደር፣ ዕቃ ቤት፣ መታጠቢያና ወጥ ቤት ግን በሰሜን ሆነው ከብርዱ ይከልሏቸዋል። የወላጆች ክፍል ከመታጠቢያ ጋር የተያያዘ፣ ደፍ የሌለው፣ በሩ 90 ሳንቲም ስፋት ያለው ይሁን፤ ነገ ከዘራ ወይም ተሽከርካሪ ወንበር ቢመጣ ግድግዳ ማፍረስ እንዳያስፈልግ።

አሁን መስኮቱ። የሳሎኑ ስፋት 24 ካሬ ሜትር ቢሆን የደቡብ መስታወቱ ከ4 እስከ 4.5 ካሬ ሜትር ይሁን። ታችኛው ጠርዙ ከወለል 80 ሳንቲም፣ ላይኛው 2.30 ሜትር፤ የጣሪያው ከፈፍ ደግሞ 2.80 ላይ ሆኖ ከግድግዳው 60 ሳንቲም ይውጣ። ቁጥሩ በዘፈቀደ አይደለም። በታኅሣሥ ቀትር ላይ ፀሐይ ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ትቆማለች፤ የ60 ሳንቲም ከፈፍ ወደታች 92 ሳንቲም ጥላ ይጥላል። ከዚህ ውስጥ 50ው ግድግዳ ላይ ያልቅና መስኮቱን የሚነካው 42 ሳንቲም ብቻ ነው፤ የቀረው ከአንድ ሜትር በላይ መስታወት ፀሐይ ይጠጣል። በመጋቢት አጋማሽ ደግሞ ፀሐይ ወደ 80 ዲግሪ ስለምትወጣ ያው ከፈፍ በቀትር መስኮቱን ሙሉ በሙሉ ያጠላዋል። ማንም ምንም ሳይነካ ቤቱ በብርድ ይከፈታል፣ በሙቀት ይዘጋል። ከፈፉን ለውበት ብሎ አንድ ሜትር ከሃያ ማድረግ ይህን ሁሉ ያጠፋዋል። ቀትር በእኛ ሰዓት 6 ከ20 ገደማ እንጂ ልክ 6 ሰዓት እንዳልሆነ ማስታወስም ጥሩ ነው፤ ጥላውን ቆሞ ለሚለካ ሰው ይጠቅማል።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር አለች። ግድግዳው 40 ሳንቲም ወፍራም ሲሆን የመስኮቱ ፍሬም ከውጭው ጠርዝ ጋር እኩል መገጠም አለበት። አናጺው እንደለመደው በውስጥ በኩል ከገጠመው ግድግዳው ራሱ ተጨማሪ የ40 ሳንቲም ከፈፍ ይሆናል፤ በታኅሣሥ 61 ሳንቲም መስታወት ያጠላል። ፍሬሙ ወደ ውጭ ሲወጣ ዝናብ ስለሚያገኘው ከሥሩ ወደ ውጭ የሚያዘቀዝቅና 4 ሳንቲም የሚወጣ ደፍ ያስፈልገዋል። ከደፉ ሥር ጣት የምታህል ቦይ ትቆፈር፤ ውሃው ወደ ግድግዳው ሳይመለስ እዚያ ላይ ይንጠባጠባል። በውስጥ በኩል የግድግዳው ጉንጭ በሰያፍ ይከፈት፣ ብርሃኑ እንዲበተን። የሰሜን መስኮቶች ትንንሽ ይሁኑ፤ ለአየርና ለብርሃን ብቻ።

ድርብ መስታወት ማግኘት ከተቻለ ጥሩ ነው። ካልተቻለ ባለ 5 ሚሊ ነጠላ መስታወትና ከውስጥ የሚዘጋ የእንጨት መዝጊያ እመርጣለሁ። ፀሐይ እንደገባች መዝጊያውን መዝጋት፣ በላዩ ወለሉን የሚነካ ወፍራም መጋረጃ መጣል። ከውጭ የሚላኩ ንድፎች ላይ ከወለል እስከ ኮርኒስ መስታወት የሆነ ግድግዳ ይበዛል። ያ ቤት ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ላይ ሲሠራ ክረምቱን ሙሉ የሚሠራ ማሞቂያ ከወለሉ ሥር ወይም ከግድግዳው ጎን አለው። እዚህ ያለ ማሞቂያ ሲሠራ ሌሊት ሙቀት የሚያፈስ ቀዳዳ ነው።

ግድግዳ፣ ወለል፣ ኮርኒስ

ድንጋዩ በአካባቢው ሞልቷል፤ መንዝና ተጉለት በድንጋይ ቤት የኖሩ አገሮች ናቸው። እኔም የውጩን ግድግዳ በ40 ሳንቲም ድንጋይ አደርገዋለሁ፤ ሞርታሩ አንድ ሲሚንቶ ለአራት አሸዋ። ድንጋዩ በሁለት ረድፍ ተሠርቶ መካከሉ በፍርስራሽ ብቻ የሚሞላ ከሆነ ሁለቱ ረድፎች ከጊዜ በኋላ ይለያያሉ። ስለዚህ በየሜትሩ፣ ወደላይም ወደጎንም፣ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ማሰሪያ ድንጋይ ይግባበት።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ከተማዋ ከስምጥ ሸለቆው አፋፍ ሩቅ አይደለችም። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ያፈረሰው በዚሁ አፋፍ ሥር ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ የተነሣውም አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ብረት የሌለው የድንጋይ ግድግዳ ሲንቀጠቀጥ ማዕዘኖቹ ላይ ይከፈትና ወደ ውጭ ይወድቃል። ስለዚህ ቤቱ ፎቅ የሌለው ይሁን። ሦስት የአርማታ ቀበቶ ሳይቋረጥ ዙሪያውን ይክበበው፤ አንዱ ከመሠረቱ በላይ፣ አንዱ ከበርና ከመስኮት በላይ፣ አንዱ ጣሪያው የሚያርፍበት። በማዕዘኖቹ ላይ ኮለን፣ ማለትም የአርማታ ምሰሶ፣ ይቁም፤ ኮለኑ ከቀበቶው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ስታፋዎቹ፣ ቋሚዎቹን ብረቶች ዙሪያቸውን የሚያስሩት ቀለበቶች፣ በየ10 ሳንቲሙ ይቀራረቡ፣ ጫፋቸውም ወደ ውስጥ ይታጠፍ። በ90 ዲግሪ ብቻ የታጠፈ ስታፋ ሲናጥ ይከፈታል። ልኩን ሁሉ መሐንዲስ ያስላው፤ ይህ በግምት የሚሠራ ነገር አይደለም።

የውስጥ ግድግዳ በብሎኬት ቢሆን ይበቃል። ለአንድ ካሬ ሜትር 12 ተኩል ብሎኬት ይገባል፤ ከስብራት ጋር 13 ይያዝ። ብሎኬቱ ሲገዛ ከወገብ ከፍታ ለስላሳ አፈር ላይ መጣል፤ ከተፈረካከሰ ሲሚንቶው ተሰርቋል ወይም ውሃ ሳይጠጣ በፀሐይ ደርቋል።

ወለሉ ከታች ወደላይ እንዲህ ነው፤ 25 ሳንቲም የድንጋይ ሙሌት፣ ላዩን የሚያስተካክል ደቃቅ ጠጠር፣ ወፍራም ላስቲክ፣ 10 ሳንቲም አርማታ። ላስቲኩ ሲነጠፍ ጫፍ በጫፍ 20 ሳንቲም ይደራረብና ግድግዳው ላይ ወደላይ ይታጠፍ፤ ላስቲኩ ቀዳዳ ካለው የሚታወቀው ከዓመት በኋላ ቁም ሣጥን ሥር ሻጋታ ሲያወጣ ነው። ፀሐይ የሚያርፍበት የሳሎን ወለል ጠቆር ያለ ቴራዞ ይሁን፤ ቀኑን ሙሉ ሙቀት ይጠጣል። ምንጣፍ አይልበስ፤ ምንጣፍ ከለበሰ ድንጋዩን ብርድ ልብስ አልብሶ ፀሐይ እንዳያይ ማድረግ ነው። መኝታ ክፍል ግን ባዶ እግር የሚረግጠው ስለሆነ እንጨት።

ኮርኒሱ ላይ አልቆጥብም። ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል ቆርቆሮ ከውጭው አየር እንኳ በታች ይቀዘቅዛል፤ ከቤት የሚወጣው እርጥብ አየር እሱን ሲነካ ያልበዋል፣ ላቡም ቺፕውዱ ላይ ይንጠባጠባል። ኮርኒስ ላይ የሚታየው ቡናማ ካርታ ሁልጊዜ የሚያፈስ ጣሪያ ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ይህ ላብ ነው። ምስማር እየደፈኑ መዋል አያቆመውም። ከቺፕውዱ በላይ 10 ሳንቲም የመስታወት ጥጥ፣ ወይም ባለ 5 ሳንቲም ፎም በሁለት ንብርብር፣ የላይኛው የታችኛውን መገጣጠሚያ እንዲሸፍን ተደርጎ ይነጠፍ። ከዚያ በላይ ያለው ባዶ ቦታ መተንፈስ አለበት፤ ከከፈፉ ሥር በየሁለት ሜትሩ ቀዳዳ ይተው፣ ወፍና አይጥ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ይሸፈን። የመታጠቢያ ቤትና የወጥ ቤት እንፋሎት በቱቦ ወደ ውጭ ይውጣ እንጂ ኮርኒስ ውስጥ አይለቀቅ። ፎም እሳት ይይዛል፤ ከጢስ ማውጫው ዙሪያ 30 ሳንቲም ድረስ የመስታወት ጥጥ እንጂ ፎም አይድረስ። ቆርቆሮው 28 ጌጅ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ውፍረቱ ይጨምራል፣ በረዶም አያጎደጉደውም።

የመስታወት በረንዳው

ከቤቱ ሁሉ የምሳሳለት ክፍል ይህ ነው። በደቡብ ምሥራቅ ማዕዘን፣ 2 ሜትር በ4 ሜትር፣ ከወገብ በላይ መስታወት። መግቢያውም እሱ ነው፤ የውጭው በር ሲከፈት የሳሎኑ በር ዝግ ስለሚሆን ነፋስ ቀጥታ አይገባም። ጠዋት ከ2 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ይሞላዋል፤ ከ4 ሰዓት በኋላ የሳሎኑን በር ከፍቶ ሙቀቱን ማስገባት፣ አመሻሽ 11 ሰዓት ላይ በሩን መልሶ መዝጋት ነው። ሌሊት በረንዳው ይቀዘቅዛል፤ ይቀዝቅዝ፣ ክፍሉ ለዚያ አልተሠራም።

ቡናው የሚፈላው እዚህ ነው። ፍሙ ቢፈናጠር የማያቃጥለው ቴራዞ፣ ለረከቦት የሚበቃ ከፍ ያለ መደብ፣ ስኒ የሚታጠብባት ትንሽ ገንዳ። ከመስታወቱ ላይኛ ክፍል ቢያንስ ግማሹ የሚከፈት ይሁን፤ አንድም ለከሰሉና ለዕጣኑ ጢስ፣ አንድም በመጋቢትና በሚያዝያ በረንዳው ምድጃ እንዳይሆን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ብርድ አገር ሰው የከሰል ምድጃውን ወደ መኝታ ክፍል ያስገባል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም፤ ሰውን እንቅልፍ ላይ እያለ ይገድላል። የተዳፈነ ከሰል ደግሞ አየር ስለሚያጥረው ይበልጥ ያመነጫል፤ «ጢሱ አልቋል፣ አመድ ሆኗል» ብሎ ማስገባት ትልቁ ስሕተት ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት መክዳት ምልክቱ ነው፤ ያ ሲመጣ በር ከፍቶ መውጣት፣ የተኛውን ሁሉ ቀስቅሶ ማውጣት። መስኮት በትንሹ ገርበብ ማድረግ ዋስትና አይሆንም። ማሞቂያ እሳት ካስፈለገ ሳሎን መካከለኛ ግድግዳ ላይ በጡብ የተሠራ፣ በር ያለው ምድጃ ይሁን። የጢስ ማውጫው 15 ሳንቲም ስፋት ኖሮት ከጣሪያው ጫፍ 60 ሳንቲም ይብለጥ፤ ለእሳቱ የሚሆን አየር በ10 ሳንቲም ቱቦ ከውጭ በቀጥታ ይምጣለት። እንጨቱ ቢያንስ ስድስት ወር የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ቱቦውን በጥላሸትና በሬንጅ ይደፍነዋል፣ አንድ ቀን ያ ሬንጅ ራሱ ይነዳል። መስከረም ላይ ቱቦውን መጥረግ ይለመድ።

ምጣድ ቤት

ምጣድ ቤቱን ከዋናው ቤት በ1.20 ሜትር የተሸፈነ መተላለፊያ ለይቼ በሰሜን ምዕራብ አደርገዋለሁ። በበጋ ነፋሱ ብዙውን ጊዜ ከምሥራቅ፣ ከአፋፉ በኩል ስለሚመጣ ጢሱ ከቤት ይርቃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ 3,800 ዋት ይስባል፤ ያ በ220 ቮልት ከ17 አምፔር ይበልጣል። ተራ ሶኬት የሚችለው 16 ነው፤ ሶኬቱ የሚቀልጠውም በዚህ ነው። ስለዚህ ከቆጣሪው ሳጥን የሚነሣ የራሱ መስመር፣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ፣ 25 አምፔር ብሬከር፣ ምድር መስመር፤ ምጣዱም በሶኬት ሳይሆን ግድግዳ ላይ ካለ ትልቅ ማብሪያ በቀጥታ ይገናኝ። ማብሪያው ሊጡ ከሚንጠባጠብበት አንድ ሜትር ይራቅ። ቮልቴጁ ወደ 190 ሲወርድ የምጣዱ ሙቀት ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ እንጀራው ዓይን የማያወጣው ሁልጊዜ በአብሲቱ ጥፋት አይደለም። መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል የእንጨት ምጣድ በጎኑ ይኑር፤ በሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ማገዶ ይቆጥባል፣ ጢስ ማውጫም ይቀበላል። ግድግዳው እስከ 1.60 ሜትር ሴራሚክ፣ ከላይ 40 በ60 የሚሆን የእንፋሎት መውጫ።

ውሃና ግቢው

ለስድስት ሰው በቀን 80 ሊትር ቢታሰብ 480 ሊትር ነው፤ 5,000 ሊትር ሮቶ አሥር ቀን ያቆያል። ሮቶው ሲሞላ 5 ቶን ስለሚመዝን ጣሪያ ላይ አይወጣም፤ የራሱ የአርማታ ማማ ይሠራለት። ወለሉ ከሻወሩ ራስ 3 ሜትር ከፍ ቢል እንኳ ግፊቱ 0.3 ባር ብቻ ነው፤ ለደህና ሻወር ትንሽ ፓምፕ ያስፈልጋል። ለሙቅ ውሃ የመስታወት ቱቦ ያለው የፀሐይ ማሞቂያ እመርጣለሁ፤ ጠፍጣፋው ዓይነት በውርጭ ሌሊት ውስጡ ያለው ውሃ ሊረጋበትና ሊፈነዳ ይችላል።

ጣሪያው ከከፈፉ ጋር 140 ካሬ ሜትር ይሆናል። 30 ሚሊሜትር ዝናብ ከጣለ፣ የሚባክነው ተቀንሶ፣ ከ3,300 ሊትር በላይ ይገኛል። ለአትክልት፣ ለልብስና ለሽንት ቤት ከመሬት ሥር 15,000 ሊትር ታንከር ይበቃኛል። የመጀመሪያዎቹ 70 ሊትር የወፍ ኩስና አቧራ ስለሚይዙ ወደ ታንከሩ ሳይገቡ የሚወጡበት ቋሚ ቱቦ ይዘጋጅ። አሸንዳው 15 ሳንቲም ስፋት፣ በሜትር 5 ሚሊሜትር ዝቅታ፤ የውጭው ከንፈር ከውስጡ ሁለት ሳንቲም ይነስ። በረዶ ጥሎ አሸንዳው ሲሞላ ውሃው ወደ ግድግዳው ሳይሆን ወደ ግቢው ይፈስሳል። የፍሳሽ ጉድጓዱ ከዚህ ታንከር በታች፣ በቁልቁለቱ በኩል፣ የቦታው ስፋት የሚፈቅደውን ያህል ይራቅ።

ቤቱ ወደ ሰሜን አጥር ስለሚጠጋ ደቡቡ ሰፊ ግቢ ሆኖ ይቀራል። ከዚህ ውስጥ 6 በ10 ሜትር ምንም የማይተከልበት፣ በጠጠር የተነጠፈ ቦታ እተዋለሁ፤ ሰርግም ለቅሶም ሲመጣ ድንኳን የሚተከለው እዚያ ነው። በአራቱ ጥግና በሁለቱ ወገብ የድንኳን ምሰሶ የሚገባበት ክዳን ያለው ቱቦ አርማታ ውስጥ ይቀበር፤ ጠጠሩን በየጊዜው መቆፈር ይቀራል። አንድ የውሃ ቧንቧና አንድ የውጭ መብራት መስመርም እዚያው ይድረስ፤ ድንኳን ሲተከል በመስኮት ገመድ መሳብ አደጋ ነው።

ነፋሱም የጠዋት ፀሐይም ከምሥራቅ መምጣታቸው ዛፍ ሲተከል ያስቸግራል። በታኅሣሥ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ 2 ሜትር ከፍታ ያለው አጥር 6 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። ስለዚህ የምሥራቁ የተክል አጥር ከ2 ሜትር እንዳይበልጥ እየተከረከመ ከመስታወት በረንዳው 7 ሜትር ይራቅ። ጽድና ወይራ ረጅሙን ሥራ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ይሥሩ። ውርጩን የሚችለው ፍሬ ፖም ነው፤ ፕለምና ኮክም ይሆናሉ። ፖም ከሌላ ዝርያ ፖም ጋር ካልተዳቀለ ፍሬው ይቀንሳልና ሁለት የተለያየ ዝርያ ጎን ለጎን ይተከል። በድንጋዩ ግድግዳ ሥር፣ ሌሊት ሙቀት በሚተፋበት በኩል፣ ጤና አዳምና በሶብላ፤ ወደ አጥሩ ጌሾ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጎመን።

መቼ ይጀመር

ቁፋሮ በጥቅምት፣ መሬቱ ሲጠነክር። መሠረቱና ቀበቶዎቹ የሚሞሉት በኅዳርና በታኅሣሥ ስለሚሆን ውርጩን መጠንቀቅ ነው፤ ያልጠነከረ አርማታ ውስጥ ያለው ውሃ ከረጋ አርማታው ውስጥ ለውስጥ ይፈረካከሳል። የአርማታ ሙሌት ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ተሠርቶ ይለቅ፣ ከሰዓት በኋላ አይጀመር፤ ሲመሽ ላስቲክ፣ በላዩ ደረቅ ጭድ ይልበስ። ቀን ደግሞ ተቃራኒው ያስፈራል፤ ፀሐይና ነፋሱ ውሃውን ይመጡታል። ጆንያ ነክሮ ቢያንስ ለሰባት ቀን፣ ቢቻል ለአሥራ አራት፣ ሳይደርቅ ማቆየት። ግድግዳው እስከ መጋቢት፣ ቆርቆሮው ከግንቦት መጨረሻ በፊት። ልስኑ በክረምት ቢሠራም ቀለም ግን አይቸኮልበት፤ 40 ሳንቲም ድንጋይ ከነሞርታሩ የያዘው ውሃ ገና አልወጣም። ቀለም ቶሎ ከተቀባ በመስከረም ፀሐይ ውሃው ሊወጣ ሲል ቀለሙን እንደ ቅርፊት ያነሣዋል። ጥቅምት መጨረሻ ላይ አንድ ካሬ ላስቲክ በአራት ጎኑ በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፎ ማሳደር፤ ጠዋት ከውስጡ ካላበ ሌላ አንድ ወር መታገሥ፣ ደረቅ ከሆነ ቀለሙን ማዘዝ።